የተቀመጠው የይለፍ ቃል እምቢ ሲል፦ ለአሮጌ ድሪምዊቨር ተጠቃሚ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው በአጭሩ ይህ ነው። ጠያቂዋ በባሕር ዳር፣ በጣና ዳር ባለ አነስተኛ የእንግዳ ማረፊያና የጀልባ ጉዞ ድርጅት ውስጥ ይሠራሉ። የድርጅቱን ድረ ገጽ የሠራው ባለሙያ ከተማውን ከለቀቀ ቆይቷል፤ ገጹ የሚታደሰው በቢሮው ባሉት ሁለት ኮምፒውተሮች ላይ በተጫነው ድሪምዊቨር ሲኤስ 3 በተባለው የድረ ገጽ መሥሪያ ፕሮግራም ነው። ፕሮግራሙ ከሰርቨሩ፣ ማለትም ገጹ ከተቀመጠበት ኮምፒውተር ጋር የሚያደርገው፣ ለረጅም ጊዜ ያለ እንከን ሲሠራ የቆየው ግንኙነት አሁን «የተጠቃሚ ስምዎ ወይም የይለፍ ቃልዎ ትክክል አይደለም» የሚል መልእክት ያወጣል። ጠያቂዋ ሰርቨሩን ከሚያከራየው ሆስቲንግ ድርጅት አዲስ የይለፍ ቃል ተቀብለው በአንደኛው ኮምፒውተር ቢያስገቡም አንዳንዴ ይገባል፣ አንዳንዴ አይገባም። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ለጥቂት ጊዜ ይስተካከልና መልሶ ይበላሻል። በስልክ ኢንተርኔት ሲሞክሩት ደግሞ ይገባና የፋይሎቹን ዝርዝር ሳያሳይ ቆሞ ይቀራል። የጥምቀት እንግዶች ከመድረሳቸው በፊት ወደ ዘጌ የሚደረገውን የጀልባ ጉዞ ዋጋ መለወጥ ይኖርባቸዋል።

ከገለጻዎ እንደምረዳው የገጠመዎት አንድ ችግር አይደለም፤ አንድ መልእክት ለብሰው የሚመጡ የተለያዩ ችግሮች ናቸው። ድሪምዊቨር ሰርቨሩ የሰጠውን ዝርዝር ምክንያት ትቶ ለተጠቃሚው የሚያሳየው የራሱን ጠቅለል ያለ ዐረፍተ ነገር ነው፤ ስለዚህ የይለፍ ቃሉ ሲሳሳትም፣ ሰርቨሩ ያልተመሰጠረ ግንኙነት አልቀበልም ሲልም ያው መልእክት ሊመጣ ይችላል። መፍትሔው የሚጀምረው የይለፍ ቃሉን ደጋግሞ ከመጻፍ ሳይሆን ሰርቨሩ በትክክል ምን እንዳለ ከማንበብ ነው። በእርስዎ ሁኔታ ደጋግሞ መሞከሩ ራሱ ጉዳቱን እያባባሰው ነው ብዬ አምናለሁ፤ ምክንያቱን ወደ ታች አስረዳለሁ።

አስቀድመው ግን ምንም ነገር ሳይሰርዙና ሳይለውጡ አሁን ያለውን ቅንብር ያስቀምጡ። «ሳይት» ከሚለው ምናሌ «ማኔጅ ሳይትስ» የሚለውን ከፍተው የድርጅቱን ስም ይምረጡና «ኤክስፖርት» የሚለውን ይጫኑ። ፕሮግራሙ በዚህ ጊዜ ሁለት ምርጫ ያቀርባል፦ አንደኛው የራስዎን ቅንብር ከነተጠቃሚ ስሙና ከነይለፍ ቃሉ መጠባበቂያ ማድረግ ሲሆን፣ ሁለተኛው የመግቢያ መረጃውን አስቀርቶ ቅንብሩን ለሌሎች ማካፈል ነው። ብዙ ሰው ሳያነብ ሁለተኛውን ይመርጥና አሮጌው ኮምፒውተር ፎርማት ከተደረገ በኋላ ፋይሉ ውስጥ የይለፍ ቃል እንደሌለ ይደርስበታል። እርስዎ የመጀመሪያውን ይምረጡ።

የሚወጣው ፋይል ቅጥያው ኤስቲኢ ሲሆን ይዘቱ ተራ ጽሑፍ ነው፤ በኖትፓድም ይከፈታል። የይለፍ ቃሉ በውስጡ የተዘበራረቁ ቁጥሮችና ፊደሎች መስሎ ይታያል እንጂ የተመሰጠረ አይደለም፤ እያንዳንዱ ፊደል በተቀመጠበት ተራ ቁጥር ልክ ተገፍቶ የተጻፈ በመሆኑ አሠራሩን የሚያውቅ ሰው በጥቂት ደቂቃ ይመልሰዋል። ስለዚህ ይህን ፋይል እንደ ይለፍ ቃሉ ራሱ ይቁጠሩት፤ በቴሌግራም ለማንም አይላኩት፣ ፎቶ ቤትና ማተሚያ ቤት በሚዞር ፍላሽም ላይ አያስቀምጡት።

እዚህ ላይ ብዙዎችን የሚያሳስተውን ነገር ላንሳ። በዊንዶውስ ላይ ድሪምዊቨር እነዚህን የመግቢያ ቅንብሮች የሚያኖረው የድረ ገጹ ፋይሎች ባሉበት ፎልደር ውስጥ ሳይሆን ዊንዶውስ የፕሮግራሞችን ቅንብር በሚያኖርበት መዝገብ፣ በሬጅስትሪ ውስጥ፣ ያውም የዚያ ተጠቃሚ ድርሻ በሆነው ክፍል ነው። ስለዚህ ፎልደሩን ወደ ሌላ ኮምፒውተር መገልበጥ የይለፍ ቃሉን አያሻግረውም፤ በአንዱ ኮምፒውተር ላይ ሁለት ሠራተኞች በየራሳቸው የዊንዶውስ መለያ የሚገቡ ከሆነም አንዱ ያስቀመጠውን ሌላው አያገኘውም። ዊንዶውስ ደግሞ በሬጅስትሪ ላይ የተደረገን ለውጥ ወዲያውኑ ወደ ዲስኩ አያወርደውም፤ መብራት ሲጠፋ በሚጠፋው ጊዜያዊ ማስታወሻ (ራም) ይዞት ይቆያል። መብራት በድንገት የሚጠፋበት ቢሮ ውስጥ አዲስ የይለፍ ቃል አስገብቶ ፕሮግራሙን ክፍት አድርጎ መቆየት ለውጡን ሊያሳጣ ይችላል። አዲሱን የይለፍ ቃል እንዳስቀመጡ ድሪምዊቨርን በሥርዓት ዘግተው እንደገና ይክፈቱትና መቀመጡን ያረጋግጡ። ከይለፍ ቃሉ ሳጥን ጎን ያለችው «ሴቭ» የምትባል ትንሽ ሳጥን ምልክት ካልተደረገባት ደግሞ የጻፉት ፕሮግራሙ እስኪዘጋ ድረስ ብቻ ይቆያል፤ «ትናንት ይገባ ነበር፣ ዛሬ እምቢ አለ» ከሚሉ አቤቱታዎች መካከል ከዚህች ምልክት የሚመጡት ጥቂት አይደሉም።

ቀጥሎ የቁልፍ ሰሌዳውን ይመልከቱ። የይለፍ ቃል ስንጽፍ የሚታየን ነጥብ ብቻ ስለሆነ ፓወር ግዕዝ፣ ኪይማን ወይም የዊንዶውስ የአማርኛ ሰሌዳ ክፍት ሆኖ ከቀረ የምንጽፈው በላቲን ይሁን በፊደል አናውቅም። በድምፅ በሚጻፍባቸው የአማርኛ ሰሌዳዎች ሁለት ቁልፍ ተጭነን የምናገኘው ብዙ ጊዜ አንድ ፊደል ነው፤ ስለዚህ ነጥቦቹን ይቁጠሯቸው፤ ከተጫኗቸው ቁልፎች ካነሱ ሰሌዳው አማርኛ ነበር ማለት ነው። አዲሱ የይለፍ ቃል በቴሌግራም ወይም በዎርድ ሰነድ ከደረሰዎትም በሚገለብጡበት ጊዜ መጨረሻው ላይ ባዶ ቦታ ወይም አራት ነጥብ አብሮ እንዳይመጣ ይጠንቀቁ፤ ዎርድ ቀጥ ያለውን የጥቅስ ምልክት ወደ ጎባጣ፣ አጭሩን ሰረዝ ወደ ረጅም የመለወጥ ልማድ ስላለው የተለወጠው ምልክት ለዓይን አንድ ቢመስልም ለሰርቨሩ ሌላ ነው። ደህናው መንገድ በእንግሊዝኛ ሰሌዳ ኖትፓድ ላይ ጽፎ፣ በዓይን አመሳክሮ፣ ከዚያ ገልብጦ መለጠፍና ኖትፓዱን ሳያስቀምጡ መዝጋት ነው።

ይህ ሁሉ ተስተካክሎ ችግሩ ካልተፈታ ዋናው ማስረጃ ያለው በኤፍቲፒ ሎግ፣ ማለትም ፕሮግራሙና ሰርቨሩ የተባባሉት በተመዘገበበት ዝርዝር ውስጥ ነው። በሲኤስ 3 «ዊንዶው» ከሚለው ምናሌ «ሪዘልትስ» የሚለውን ሲመርጡ ከታች በሚከፈተው ሰሌዳ ላይ «ኤፍቲፒ ሎግ» የሚል ትር ያገኛሉ። ኤፍቲፒ እ.ኤ.አ. በ1985 በወጣው ደንብ የሚመራ አሮጌ የፋይል ማስተላለፊያ ሥርዓት ነው፤ በዚህ ደንብ መሠረት ሰርቨሩ ለእያንዳንዱ ትእዛዝ በሦስት አሃዝ ቁጥር መልስ ይሰጣል። ድሪምዊቨር የሚሸፍነውን እውነት ሎጉ ያሳያል፤ እነዚህን ቁጥሮች ማንበብ የቻለ ሰው ግምት አያስፈልገውም።

መደበኛው ቅደም ተከተል እንዲህ ነው። ሰርቨሩ በ220 ሰላምታ ይሰጣል፤ ፕሮግራሙ የተጠቃሚውን ስም ይልካል፤ ሰርቨሩ በ331 «የይለፍ ቃሉን ላክ» ይላል፤ ፕሮግራሙ ይልካል፤ ትክክል ከሆነ 230 ይመጣል፣ ካልሆነ 530። ልብ ሊባል የሚገባው 331 መምጣቱ ስሙ ትክክል መሆኑን አያረጋግጥም፤ አብዛኞቹ ሰርቨሮች ሰርጎ ገቦች ስሞችን እንዳያጣሩ ሲሉ ለማይታወቅ ስምም ያንኑ መልስ ይሰጣሉ። ስለዚህ ከይለፍ ቃሉ በኋላ 530 ሲመጣ ስሙንም ይጠራጠሩ። ብዙ ሆስቲንግ ድርጅቶች በሚጠቀሙበት ሲፓነል በተባለው መቆጣጠሪያ ላይ የሚከፈቱ ተጨማሪ የኤፍቲፒ መለያዎች ስማቸው እንደ ኢሜይል አድራሻ ከነዶሜኑ የሚጻፍ በመሆኑ ከአት ምልክቱ በፊት ያለውን ብቻ ማስገባት አይበቃም።

የ530 ሌላው ገጽታ ግን ከሁሉም በላይ ሰውን የሚያንከራትተው ነው። ቁጥሩ የመጣው የይለፍ ቃሉ ከመላኩ በፊት፣ ገና ስሙ እንደተላከ ከሆነ ሰርቨሩ የይለፍ ቃሉን አላየውም፤ ስለዚህ ምክንያቱ የይለፍ ቃሉ ሊሆን አይችልም። እንዲህ ያለው መልስ ብዙውን ጊዜ «ግንኙነቱ ካልተመሰጠረ አልቀበልም» ማለት ነው። ቪኤስኤፍቲፒዲ የተባለው የሰርቨር ፕሮግራም ይህንኑ በ530 ይናገራል፤ ፑርኤፍቲፒዲ በ421፣ ፕሮኤፍቲፒዲ ደግሞ በ550 ይናገረዋል። ከቁጥሩ ቀጥሎ በሚጻፈው የእንግሊዝኛ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ቲኤልኤስን (የግንኙነት ማመስጠሪያ ስልት ነው) ወይም ምስጠራን የሚጠቅስ ቃል ካገኙ ነገሩ ተቆርጧል፤ ሆስቲንግ ድርጅቱ ተራውን ኤፍቲፒ ዘግቷል።

የእርስዎ ሎግ ይህን የሚያሳይ ከሆነ ሲኤስ 3 በራሱ ሊረዳዎት አይችልም። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው ይህ ፕሮግራም የሚያውቀው ተራውን ኤፍቲፒና ኤስኤፍቲፒን ብቻ ነው፤ በቲኤልኤስ የሚመሰጠረው ኤፍቲፒኤስ ወደ ድሪምዊቨር የገባው እ.ኤ.አ. በ2011 በሲኤስ 5.5 ነው። ኤስኤፍቲፒ ስሙ ይመሳሰል እንጂ ፍጹም ሌላ ሥርዓት ነው፤ የሚሠራው ኤስኤስኤች በተባለው ከሰርቨር ጋር በተመሰጠረ መንገድ መገናኛ ሥርዓት ላይ፣ በፖርት 22 ሲሆን ተራው ኤፍቲፒ የሚጠቀመው ፖርት 21ን ነው። «ሴኪዩር ኤፍቲፒ» የሚለውን ምልክት ቢያደርጉ እንኳ ሆስቲንጉ ለመለያዎ ኤስኤስኤች ካልፈቀደ አይገባም፤ ቢፈቅድም አሮጌው ፕሮግራም የሚያውቃቸውን የምስጠራ ስልቶች አዳዲስ ሰርቨሮች ትተዋቸዋል። በሰርቨሮች ላይ የሚሠራው ኦፕንኤስኤስኤች የተባለ የኤስኤስኤች ፕሮግራም አንደኛውን አሮጌ የቁልፍ መለዋወጫ ስልት ከሰርቨሩ መደበኛ ቅንብር ያስወጣው እ.ኤ.አ. በ2015 ነው፤ ሻ-1 በተባለው አሮጌ ስልት ላይ የተመሠረተውን የአርኤስኤ ዲጂታል ፊርማ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2021 አስከተለ። በዚያው ዓመት ቲኤልኤስ 1.0 እና 1.1 ከአገልግሎት እንዲወጡ በይፋ ተወስኗል። ሁለቱ ወገኖች የሚግባቡበት ቋንቋ ጠፍቷል፤ የይለፍ ቃል መለወጥ እዚህ ላይ ምንም አያመጣም።

አሁን ወደ ራስዎ ልዩ ምልክት ልመለስ። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ የሚስተካከለው ነገር የይለፍ ቃል ሊሆን አይችልም። መብራት ሲጠፋ የሚለወጠው ራውተሩ ነው፤ ቋሚ አድራሻ ያልተገዛለት መስመር ራውተሩ ጠፍቶ ሲነሣ ብዙ ጊዜ አዲስ የኢንተርኔት አድራሻ ይሰጠዋል። ሰርቨሮች በበኩላቸው ከአንድ አድራሻ የተሳሳተ የይለፍ ቃል ተደጋግሞ ሲመጣ ያንን አድራሻ ለተወሰነ ጊዜ ያግዳሉ፤ ለዚህ ሥራ በሰፊው የሚታወቀው ፌይልቱባን የተባለ ፕሮግራም ከአምስት የከሸፉ ሙከራዎች በኋላ እንዲያግድ ሆኖ ነው የሚመጣው። እነዚህን ሁለቱን አንድ ላይ ሲያዩዋቸው የእርስዎ ታሪክ ግልጽ ይሆናል። አዲሱን የይለፍ ቃል ያስገቡት በአንደኛው ኮምፒውተር ላይ ብቻ ነው፤ ሁለተኛው ኮምፒውተር አሮጌውን እንደያዘ ነው። ያ ኮምፒውተር ባልደረባዎ ፋይል ለመጫን በሞከሩ ቁጥር የተሳሳተውን ይልካል፤ ፋይል በተቀመጠ ቁጥር በራሱ ወደ ሰርቨሩ እንዲጭን የሚያዘው ቅንብር ተመርጦ ከሆነ ደግሞ ማንም ሳያስበው ይልካል። ሁለቱም ኮምፒውተሮች ከሰርቨሩ በኩል የሚታዩት በአንድ አድራሻ ስለሆነ አንዱ ባጠፋ ሁለቱም ይታገዳሉ። መብራት ጠፍቶ ራውተሩ ሲነሣ አዲሱ አድራሻ ገና ያልታገደ በመሆኑ የእርስዎ ይገባል፤ ከዚያ ያኛው ኮምፒውተር መሞከሩን ይቀጥላል።

ይህን ማረጋገጥ ቀላል ነው። ሁለተኛውን ኮምፒውተር ከኔትወርኩ ያላቅቁት፤ ራውተሩን አጥፍተው ያብሩት፤ ከዚያ በመጀመሪያው ኮምፒውተር ብቻ ይሥሩ። ቀኑን ሙሉ ሳይከለክል ከዋለ ምክንያቱ ተገኝቷል፤ በሁለተኛውም ላይ አዲሱን ያስገቡ። እገዳ መሆኑን ከሎጉም ማወቅ ይቻላል፤ ታግዶ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ 220 እንኳ አይመጣም፤ ግንኙነቱ ያለ ምንም ቁጥር ጊዜው አልፎ ይቋረጣል። ሆስቲንግ ድርጅቱንም «ከቢሯችን አድራሻ ላይ እገዳ ተጥሎ ነበር ወይ?» ብለው ቢጠይቁ ከመዝገባቸው አይተው ሊነግሩዎት ይገባል፤ «የይለፍ ቃሉን እንቀይርልዎ» የሚለውን የተለመደ መልስ አይቀበሏቸው።

በስልክ ኢንተርኔት ገብቶ ዝርዝሩን ሳያሳይ የሚቆመው ደግሞ ከመግቢያው ጋር ግንኙነት የለውም፤ 230 መጥቷልና። ኤፍቲፒ ትእዛዙን በአንድ ግንኙነት፣ ፋይሎቹንና የፋይል ዝርዝሩን በሌላ ግንኙነት ያስተላልፋል። በአክቲቭ አሠራር ሁለተኛውን ግንኙነት የሚከፍተው ሰርቨሩ ወደ እርስዎ ኮምፒውተር ነው፤ በስልክ ኔትወርክ ላይ ግን ብዙ ደንበኞች አንድ የውጭ አድራሻ ስለሚጋሩ ከውጭ የሚመጣው ጥሪ ኮምፒውተሩን አያገኘውም፤ ሎጉም 425 ሊያሳይ ይችላል። በቅንብሩ ውስጥ «ዩዝ ፓሲቭ ኤፍቲፒ» የሚለውን ምልክት ያድርጉ፤ ያን ጊዜ ሁለቱንም ግንኙነት የሚከፍተው የእርስዎ ኮምፒውተር ይሆናል። ይህ ተደርጎም ከቆመ ሎጉ ላይ 227 የሚለውን መስመር ይፈልጉ፤ በቅንፍ ውስጥ ስድስት ቁጥሮች አሉት፤ የመጀመሪያዎቹ አራቱ የሰርቨሩ አድራሻ ናቸው። በ10 ወይም በ192 እና 168 የሚጀምሩ ከሆነ ሰርቨሩ የውስጥ አድራሻውን ነው የላከው፤ ጥፋቱ የሆስቲንጉ ስለሆነ መስመሩን ገልብጠው ይላኩላቸው።

ከገቡ በኋላ 550 ቢመጣ «ሆስት ዳይሬክተሪ» የሚለውን ሳጥን ይመልከቱ። አዲሱ መለያ በቀጥታ የድረ ገጹ ፎልደር ውስጥ የሚያስገባ ሆኖ ሳለ በሳጥኑ ውስጥ የአሮጌው መለያ ፎልደር ስም ተጽፎ ከቀረ ፕሮግራሙ የሌለ ቦታ ይፈልጋል። ሳጥኑን ባዶ አድርገው ይሞክሩት።

አሁን ምን ያድርጉ ለሚለው አስተያየቴን ልስጥ። የገጽ ዝግጅቱን በሲኤስ 3 መቀጠል ይችላሉ፤ ለለመደ እጅ ጥሩ መሣሪያ ነው፣ ለጥቂት ገጾች ሲባል መተው አይገባም። ፋይል የመጫኑን ሥራ ግን ከእሱ ላይ ያንሡለት። «ሪሞት ኢንፎ» በሚለው ክፍል የመገናኛ ዓይነቱን «ነን» አድርገው፣ የተለወጡትን ገጾች ነፃ በሆኑት በፋይልዚላ ወይም በዊንኤስሲፒ በተመሰጠረ ግንኙነት ይጫኑ። ከሁለቱ ኮምፒውተሮች አንዱ አሁንም ዊንዶውስ ኤክስፒ ከሆነ የዛሬው ፋይልዚላ አይጫንበትም፤ ፋይሎቹን በሌላኛው በኩል ይላኩ። በአሮጌ ኮምፒውተር ላይ የሰዓት ባትሪው ሞቶ ቀኑ ወደ ኋላ የሚመለስ ከሆነም የሰርቨሩ ሰርተፊኬት ጊዜው ያልደረሰ መስሎ ስለሚታይ አስቀድመው ቀኑን ያስተካክሉ።

ይህን የምለው ለምቾት ብቻ አይደለም። ተራው ኤፍቲፒ የይለፍ ቃሉን በግልጽ ጽሑፍ ነው የሚልከው፤ በመንገዱ ላይ ያለ ሁሉ ሊያነበው ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2009 የተስፋፋው ጉምብላር የተባለ ጎጂ ፕሮግራም የድረ ገጽ ባለቤቶችን የኤፍቲፒ መግቢያዎች ከኮምፒውተሮቻቸው እየሰረቀ ገጾቻቸውን በክሏል። የእርስዎን የይለፍ ቃል ከከተማው የወጣው ባለሙያ፣ ከእሱ በኋላ የሠሩት ሁሉ፣ ምናልባትም በየፍላሹ የቀሩት የኤስቲኢ ፋይሎች ያውቁታል። ስለዚህ በሆስቲንግ መቆጣጠሪያው ገብተው አሮጌ የኤፍቲፒ መለያዎችን ይሰርዙ፤ ለሁለቱ ኮምፒውተሮች ሁለት የተለያዩ መለያዎች ይክፈቱ፤ እንዲህ ሲሆን አንዱ ሲሳሳት የትኛው እንደሆነ ከሰርቨሩ መዝገብ ወዲያው ይታወቃል። የመቆጣጠሪያው ዋና መግቢያ በማን ኢሜይል እንደተመዘገበም ያረጋግጡ፤ በቀድሞው ባለሙያ ኢሜይል ከሆነ በድርጅቱ ደብዳቤ ወደ ድርጅቱ ስም እንዲዛወር ይጠይቁ።

ለጥምቀት ዋጋው የሚደርሰው ግን በዚህ ሁሉ መጨረሻ ላይ አይደለም። ዛሬውኑ ሁለተኛውን ኮምፒውተር ያላቅቁ፣ ራውተሩን አጥፍተው ያብሩ፣ ፓሲቭ የሚለውን ምልክት ያድርጉና አንዱን የዋጋ ገጽ ብቻ ይጫኑ። ከዚህ በኋላም እምቢ ካለ የኤፍቲፒ ሎጉን ከ220 ጀምሮ እስከ ቆመበት መስመር ድረስ ገልብጠው፣ የይለፍ ቃሉ የሚታይበት መስመር ካለ እሱን ሰርዘው ይላኩልኝ፤ የትኛው ቁጥር ከየትኛው ትእዛዝ በኋላ እንደመጣ ካየሁ ቀጣዩን እርምጃ በዚያው መስመር ላይ እነግርዎታለሁ።